ያላመመሽ ቦታ በኋላ እንዳያምሽ!

የዛሬው ወሬያችን ቆዳ ላይ ነው። ቆዳ ስል ግን ስለ ብጉርና ስለ ማዲያት አይደለም፤ እነሱ ለጊዜው ይረፉ። የማወራችሁ ስለ ንቅሳት፣ በእናንተ ቋንቋ ስለ ታቱ ነው።

መነሻዬ ከአንዲት የ22 ዓመት ወጣት የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ስሜ እንዳይወጣ አደራ ስላለች አላወጣውም። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ስሟን ሰውነቴ ላይ ለመነቀስ ቆርጫለሁ። ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ፣ የምነቀስበትንም ቤት መርጫለሁ። ችግሬ አንድ ነው፤ መርፌ እፈራለሁ። አንዷ ጓደኛዬ ጎኗ ላይ ተነቅሳ ‹ነፍሴ ልትወጣ ነበር› ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ ‹ትከሻዬ ላይ ምንም አልተሰማኝም፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር› ትላለች። እኔ የፈለግሁት መሐል ደረቴ ላይ፣ ከልቤ አጠገብ ነበር። በጣም የሚያም ከሆነ ግን ትከሻዬ ላይ አደርገዋለሁ። ሕመም አልችልም። ጆሮዬን ስበሳ እንኳ ሁለት ቀን አልቅሻለሁ፤ ያውም አንደኛው አብጦ እስካሁን እንደ አተር ድብልብል ብሎ ቀርቷል። እባክዎን ይንገሩኝ፣ የት ብነቀስ ነው የማያመኝ?»

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ ጥያቄዋን ለመረዳት፤ ቀጥሎ ደግሞ ስለ ጆሮዋ ጣል አድርጋ ባለፈቻት ነገር የተነሳ። ወደ ጆሮዋ በኋላ እመለሳለሁ። የተጠየቅሁትን ግን አስቀድሜ ልመልስ፤ ምክንያቱም ይህን የሚጠይቀው ወጣት ብዙ ነው።

የሚያመውና የሚሻለው

እውነቱን ልንገራችሁ? ጭራሽ የማያም ቦታ የለም። የታቱ መርፌ የላይኛውን ስስ ቆዳ አልፎ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጠልቆ ነው ቀለሙን የሚያስቀምጠው። ከዚያ ሳይደርስ ከቀረ ቆዳው በታደሰ ቁጥር ቀለሙ ይለቃል። ማሽኑ ደግሞ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይወጋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ቀምሶ «ምንም አይልም» የሚላችሁ ሰው ወይ ረስቶታል ወይ እያደፋፈራችሁ ነው። በቦታና በቦታ መካከል ግን ልዩነቱ የትና የት!

ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ሥጋ የሌለበትና ቆዳው አጥንት ላይ የተለጠፈበት ቦታ ያማል። ጎድን፣ ቅልጥም፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርንና አከርካሪ ከዚህ ይመደባሉ። ጎድን ላይ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ፤ በተነፈሳችሁ ቁጥር ቦታው ከፍ ዝቅ ስለሚል ነቃሹም እናንተም ትቸገራላችሁ። ሁለተኛ፣ የሚታጠፈውና ተሸፍኖ የሚኖረው ስስ ቆዳ ያማል። ብብት፣ የክርን መታጠፊያ፣ ከጉልበት ኋላ ያለው እጥፋት፣ የጭን የውስጥ ጎን እንዲህ ናቸው። ሦስተኛ፣ ነርቭ የበዛበት ቦታ ያማል። ጣት፣ መዳፍ፣ ከንፈር፣ ፊት።

ይህን የነርቭ ነገር ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጓደኛችሁ በሁለት እርሳስ ጫፍ የጣታችሁን ጫፍ ይንካው። እርሳሶቹ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢራራቁ እንኳ ሁለት መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ጀርባችሁ ላይ ግን አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ካልተራራቁ አንድ ሊመስሏችሁ ይችላሉ። ጣት ላይ ቀለበት ልነቀስ የምትሉ ፍቅረኞች፣ ሰምታችኋል?

የሚሻለውስ? ሥጋ ያለበት፣ ቆዳው ወፈር ያለና ሌት ተቀን የማይፋተግ ቦታ ነው። የላይኛው ክንድ የውጪ ጎን፣ ትከሻ፣ ከክርን በታች ያለው የክንድ የውጪ ጎን፣ የጭን የፊትና የውጪ ጎን፣ ባት፣ የላይኛው ጀርባ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነቀስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ወደ አንዱ የሚመራው በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞም ልብ በሉ፤ ክፉኛ ከሚያሙት ቦታዎች አንዳንዶቹ ቀለምም በደንብ አይዙም። ጣትና መዳፍ ሲታጠቡ፣ ሲሠሩ፣ ሲፋተጉ ስለሚውሉ ቀለማቸው ቶሎ ይደበዝዛል። የእግር ጎንም በጫማ ምክንያት እንዲሁ ነው። ከዚያ «ይደገምልኝ» ብሎ መመለስ ይመጣል፤ ሁለተኛ ሕመም፣ ሁለተኛ ክፍያ። ቁርጭምጭሚትና የእጅ አንጓ የውስጥ ጎን ላይ ደግሞ ቆዳው ስስ ስለሆነ መርፌው ትንሽ ጠለቅ ካለ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ቀጫጭን ፊደልም ይዋጣል። ስለዚህ ሕመም ፈርቶ ቦታ የቀየረ ሰው ፈሪ አይባልም። አንዳንዴ ቆዳው ራሱ እየመከረው ነው።

አያቶቻችንስ?

«አያቶቻችን ድዳቸውን ተነቅሰው የለ እንዴ!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው። በተለይ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ልጃገረዶች ጥላሸት በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋላቸው ድዳቸውን፣ አንገታቸውን፣ ግንባራቸውን ተነቅሰዋል። ማደንዘዣ የለ፣ ማሽን የለ። አንገቱን ለውበት ብቻ ሳይሆን ለእንቅርት መድኃኒት ነው ብለው የተነቀሱም ነበሩ። ማሽኑማ ትናንት የመጣ ነው፤ አንድ የኒውዮርክ ነቃሽ በኤሌክትሪክ ለሚሠራው የመነቀሻ ማሽን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 በኢጣሊያና በኦስትሪያ ድንበር ላይ በረዶ ውስጥ የተገኘው ሰው ነው። ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየው የዚህ ሰው አስከሬን 61 ንቅሳት አለው። ብዙዎቹ ያረፉት ወገቡ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ነው። አጥንቱን የመረመሩት ሰዎች መገጣጠሚያዎቹ የተጎዱ መሆናቸውን ስላዩ፣ ንቅሳቱ ለሕመም ማስታገሻ የተደረገ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እኛ የማያመውን ቦታ ስንፈልግ፣ ሰውዬው የሚያመውን እየፈለገ ተነቅሷል ማለት ነው!

የአያቶቻችንን ጥንካሬ ሳደንቅ ግን አንድ ነገር አልረሳም። ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተነቀሱት ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ነው። የእናንተ ዕድል ምርጫው በእጃችሁ መሆኑ ነው። ታዲያ ስትመርጡ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም አስቡ። እጅ፣ አንገትና ፊት ላይ የወጣ ነገር በየሥራ ቃለ መጠይቁ ቀድሟችሁ ይገባል። የሚታይ ንቅሳት የማይቀበሉ አየር መንገዶች ብዙ ናቸው። «በኋላ አስጠፋዋለሁ» ማለትም ቀላል አይደለም። የሌዘር ሕክምናው በወራት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፤ ብዙዎች ከመነቀሱ የበለጠ ያማል ይላሉ። እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ የነጣ ወይም የጠቆረ ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ሕመሙን ለማቅለል

ቦታውን መርጣችሁ፣ ቀኑንም ቆርጣችሁ ከሆነ እነዚህን አትርሱ። በባዶ ሆድ አትሂዱ፤ ራስ ማዞርና መዝለፍለፍ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ባልበላ ሰው ላይ ነው። ጾም ከያዛችሁ ቀጠሮውን ከፍስክ በኋላ አድርጉት። በደንብ ተኙ። ለድፍረት ብላችሁ መጠጥ አትቅመሱ፤ ደሙን ያበዛዋል እንጂ ሕመሙን አያጠፋውም። አስፕሪንም እንደዚያው ደም ያበዛል፤ ሐኪም ያዘዘላችሁ ከሆነ ግን ሳታማክሩ አታቋርጡ። ሴቶች፣ በወር አበባ ሰሞን ሕመም የሚጠናባችሁ ካላችሁ ቀኑን አሸጋሽጉ። ሥዕሉ ትልቅ ከሆነ በሁለት በሦስት ቀን ይከፈል፤ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር የተቆጣ ቆዳ ይበልጥ ያማል። ሲብስባችሁ «ቆይ ልረፍ» በሉ። ትንፋሻችሁን አትያዙ።

«የሚያደነዝዝ ቅባት አለልህ» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ለንቅሳትና ለመሳሰሉት የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶች ውስጥ ያለው ሊዶኬይን ከመጠን በላይ እንደሆነ አስጠንቅቋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጥ ቅባት 4 በመቶ ከሚበልጠው እንድንርቅ ነው የመከረው። ሰፊ ቦታ ላይ ተቀብቶ በላስቲክ ሲጠቀለል ወደ ደም ገብቶ ልብን እስከማዛባትና እስከማንዘፍዘፍ ሊደርስ ይችላል።

መርፌውስ? ከማሸጊያው ፊታችሁ ሲወጣ ካላያችሁ ተነሡና ውጡ! ቀለሙም ለእናንተ ብቻ በአዲስ ትንሽ ዕቃ ይቀዳ። የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ «የት ያማል?» ብለው አይጠይቁም።

አሁን ወደ እህቴ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስሟን ሁልጊዜ ይዘሽ ለመዞር መፈለግሽ ይገባኛል፤ በዚህ አልፈርድብሽም።

ግን ጥያቄሽን ልቀይርብሽ ነው። አንቺ የጠየቅሽኝ የአንድ ሰዓቱን ሕመም ነው። እኔ የፈራሁልሽ የዓመታቱን ነው። ጆሮሽ ላይ እንደ አተር ድብልብል ያለው ነገር ቁስሉ ከዳነ በኋላ የማያቆም፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ኬሎይድ ይሉታል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ በዘርም ይሄዳል፤ በአንቺ ዕድሜ አካባቢም ይበረታል። የሚወድዳቸው ቦታዎች አሉት፤ የጆሮ ጫፍ፣ መሐል ደረት፣ ትከሻና የላይኛው ጀርባ።

አየሽ? ሁለቱም የመረጥሻቸው ቦታዎች የእሱም ምርጫዎች ናቸው። ትከሻ ሲነቀሱት አያም ይሆናል። ጓደኛሽ አልዋሸችሽም፤ የእሷ ቆዳ ግን ያንቺ አይደለም። ኬሎይድ ሲመጣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ያማል፤ ወዲያውም አይመጣም፤ ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ቆርጠው ቢያወጡት ብቻውን አይበቃም፤ ደጋግሞ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ብሶ። መርፌ የምትፈሪ ልጅ፣ ከሕክምናዎቹ አንዱ እዚያው ጠባሳው ላይ በየጊዜው የሚሰጥ መርፌ መሆኑን ስነግርሽ ምን ትያለሽ?

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። የያዝሽውን ቀጠሮ ሰርዢ። በዚያ ገንዘብ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ጆሮሽን አሳዪ። ኬሎይድ ነው ካለሽ፣ «እንግዲያው ባቴ ላይ፣ እንግዲያው ክንዴ ላይ» እያልሽ ቦታ አትፈልጊ፤ ዋስትና ያለው ቦታ የለም። አይደለም ካለሽ ደግሞ ያን ጊዜ ከላይ የዘረዘርኩትን አንብቢና እንደ ልብሽ አድርጊ። ሙት ዓመቷ ስለቀረበ አትቸኩዪ፤ እናትሽ በሕይወት ብትኖር ጆሮሽን አይታ መጀመሪያ የምትልሽ ይህንኑ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እስከዚያው ስሟን ብር ሠሪ ዘንድ ወስደሽ ሐብል ላይ አስቀርጪው። ሐብሉ ቢረዝም የሚያርፈው መሐል ደረትሽ ላይ፣ አንቺ የፈለግሽው ቦታ ላይ ነው።

ሌሎቻችሁም ሳይቃጠል በቅጠል! ከመነቀሳችሁ በፊት እጅጌያችሁን ሰብስቡና በሕፃንነታችሁ የላይኛው ክንዳችሁ ላይ የተወጋችሁትን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጠባሳ እዩት። ጠፍጣፋ ወይም ጎድጎድ ያለ ከሆነ ደግ ነው። ያበጠ፣ የጠነከረና የሚያሳክክ ከሆነ ግን ቆዳችሁ እየነገራችሁ ነው፤ ስሙት። ጆሮ የተበሳችሁበትን፣ የተቆረጣችሁበትን የድሮ ቁስል ሁሉ እዩ። እናትና አባታችሁንም ጠይቁ። የነቃሹን ሙያ ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን ጠባሳ እዩ።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደብዳቤዎቻችሁን እጠብቃለሁ። ቸር ሰንብቱ!