የሐምሌ 21 ቀንን ነገር ለልጆች ስለ መንገር

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ሲደርስ በየቤታችን የድሉ ነገር ይነሣል፤ ልጆችም አባቶቻቸው ጠላትን እንዴት እንዳባረሩ ይሰማሉ። ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ሐምሌ 21 ቀን ሲመጣ በብዙው ቤት አንዳች ሳይነገር ቀኑ እንዲሁ ያልፋል። የተረሳበትም ምክንያት በድል ስላልተፈጸመ ይመስለናል። እኛ ግን ድል ያልተገኘበት ቀን ሁሉ ክብር የሌለው ቀን ነው ብለን አናምንም፤ ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችንን በዚህ ነገር ጥቂት ልናሳስብ ወደድን።

የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን፥ አርበኞች ከተማይቱን ከየአቅጣጫው መትተው ሊያስለቅቁ ተነሡ። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ ከሰላሌ ጦራቸውን ይዘው መጡ። ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም በምሥራቅ፥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎና ገረሱ ዱኪ በደቡብ ምዕራብ በኩል እንዲመቱ ታስቦ ነበር። ባልቻ በዓድዋ የተዋጉ፥ ያን ጊዜ ግን ከሹመት ወጥተው የሸመገሉ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ዕድሜዬ አልፏል ብለው ከቤት አልቀሩም።

ዛሬ በሱሉልታ፥ በሰበታና በቡራዩ የሚኖር ሰው ማለዳ ተነሥቶ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገብቶ፥ ሥራውን ፈጽሞ ማታ ይመለሳል። የሰላሌ መንገድ በሱሉልታ፥ የወሊሶ መንገድ በሰበታ፥ የሆለታና የአዲስ ዓለም መንገድ በቡራዩ በኩል ስለሚመጣ እነዚህ ከተሞች የዋና ከተማችን በሮች ናቸው። በዚያ ክረምት ግን ወደነዚህ በሮች የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነበረ፤ ወንዞቹም ሞልተው ነበር። የሱሉልታን ሜዳ በሐምሌ ያየ ሰው፥ ጠመንጃና ስንቅ ተሸክሞ በእግር መሻገር ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ያውቃል። አንዱ የጦር አለቃ ለሌላው የሚልከው መልእክት በእግረኛ የሚሄድ ስለ ነበረ፥ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሊመቱ አልቻሉም። የሰላሌ ሰዎች እስከ ከተማው ውስጥ ዘልቀው ገቡ፤ ነገር ግን ጠላት መትረየስና አውሮፕላን ስለ ነበረው ብዙ ሰው ወድቆ የቀሩት ተመለሱ። በማግስቱም፥ ሐምሌ 22 ቀን፥ አርበኞችን አላወግዝም ያሉት አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

ጠላትም በውጊያ ያልያዛቸውን የካሣን ልጆች በምሕረት ቃል አታለላቸው። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው ቃሉን አምነው ቢገቡ፥ ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። በዚያን ጊዜ የቤቱ ነገር ተፈጸመ ያለ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የደጃዝማች አበራ ባለቤት፥ የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፥ ሐዘኑን ችለው የባላቸውን ጦር ሰብስበው በዱር መዋጋትን መረጡ። ልጆቻቸውንም ለጠላት አልሰጡም፤ በመጨረሻም በሱዳን በኩል እስከ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። እንዲሁም ከቡራዩ ወዲያ በአዲስ ዓለም ምሽግ በተደረገው ውጊያ የነበሩት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ፥ ቀድሞ ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ በመላካቸው ተይዘው ወደ ኢጣልያ አገር፥ ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙ ናቸው። ከግዞት ተመልሰው እንኳ ትግሉን አልተዉም።

እነዚህ ስማቸው በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ እናውቃቸዋለን። ነገር ግን በሶውን የፈጨች፥ ጩኮውን በቅቤ ለውሳ በአቁማዳ ያሰረች፥ የቈሰለውን በጓዳዋ የደበቀች ሴት ስሟ ማን ነበር? ይህን የሚያውቅ የገዛ ቤተ ሰቧ ብቻ ነው፤ ቤተ ሰቡ ከረሳ ግን የሚያስታውሳት አይገኝም። ነገሩን በዓይናቸው ያዩት በሞት እየተለዩ አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ ከእናታቸው አፍ የሰሙት ግን ዛሬም አሉ።

ስለዚህ የቤት አባትና የቤት እመቤት ሆይ፥ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ዘንድሮ ሐምሌ 21 ቀን ቡናው ሲፈላ አያትን በልጆቹ መካከል አስቀምጡና ጠይቁ። ማን ዘመተ? በየት በኩል ሄደ? ስንቁን ማን አዘጋጀ? ያልተመለሰውስ ማን ነው? መጻፍ የሚችለው ልጅ የሰማውን ስሙን፥ ቦታውንና ዘመኑን ለይቶ በደብተር ይጻፍ፤ ያልታወቀውን ግን አይጨምርበት፤ ጀግና በሐሰት መመስገን አያሻውምና። በሣጥን ውስጥ ያለ ሜዳይ ወይም ደብዳቤ ቢኖር የማን እንደ ሆነ ተጽፎበት ይቀመጥ።

ልጁም በሌላ ቀን በሱሉልታ መንገድ ሲያልፍ፥ በመስኮት ሜዳውን እያየ፥ «አያቴ የነገረችኝ በዚህ በኩል ነው» ቢል፥ የእነዚያ ሰዎች ድካም በከንቱ አልቀረም ማለት ነው።