ቅርጫቱ የማን ነው?

የፈረንጆች ፋሲካ በተቃረበ ቁጥር በአሜሪካ ከተሞች የመደብር መደርደሪያዎች በሴሎፎን በተጠቀለሉ ቅርጫቶች ይሞላሉ። ከላይ ሪባን፣ ከውስጥ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር፣ በሣሩ ላይ የቸኮሌት ጥንቸል፣ በጥንቸሏ ዙሪያ እንደ ጠጠር የተበተነ ከረሜላ። በአንዳንዱ ላይ «የሕፃኑ የመጀመሪያ ፋሲካ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሙግቴ ከዚህ ቅርጫት ጋር ነው። ልማዱን አልጠላሁም፤ የጠላሁት ተገዝቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ከዚያ ሕፃኑ እንዳይነካው ከፍ ካለ ቦታ የሚሰቀለውን ዕቃ ነው።

በምኖርበት በሜሪላንድ ወገኖቼ በዚህ ነገር ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «ጥንቸል ከትንሣኤ ጋር ምን አገናኛት? የጣዖት ርዝራዥ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ልጄ ከእኩዮቹ እንዳያንስ» ብሎ የተዘጋጀውን ገዝቶ ይገባል። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው። ኤዎስትሬ ስለምትባለው አምላክ ጥንታዊ ማስረጃ ቢፈለግ የሚገኘው እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ እ.ኤ.አ. በ725 ጽፎት ያለፈው ጥቂት ቃል ነው፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ጥንቸልም እንቁላልም የለም። እንቁላል የምታመጣዋ ጥንቸል በጀርመን አገር በ1682 ተጽፋ እናገኛታለን። ወደ አሜሪካ የዘለቀችውም በ18ኛው መቶ ዓመት ፔንስልቬንያ ከሰፈሩት ጀርመኖች ጋር ነው። ልጆቻቸው ለጥንቸሏ ጎጆ የሚሠሩላት በገዛ ቆባቸው ነበር። የዛሬው ቅርጫት የዚያ ጎጆ የልጅ ልጅ ነውና፣ ከመነሻው የእጅ ሥራ ነበር ማለት ነው።

እንቁላሉንማ ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል! በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያንም በዐቢይ ጾም እንቁላል አይበላም ነበር። ዶሮ ግን አትጾምም፤ የጣለችው ሲጠራቀም ከርሞ ለፋሲካ ይደርሳል። ኀምሳ አምስት ቀን ጾሞ በሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የዶሮ ወጥ እንቁላል የጠበቀው ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ክርክሬ የሚጠነክረው ከሁለተኛው ወገን ጋር ነው። የስምንት ወር ልጅ ዓለምን የሚመረምረው በአፉ ነው፤ የተሰጠውን ሁሉ ይጎርሳል። በአሜሪካ ከ1980 ጀምሮ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሸጥ መጫወቻ፣ ወርዱ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ክፍል እንዳይኖረው ተከልክሏል። መለኪያው የተበጀው በሕፃን ጉሮሮ አምሳል ነው። ሕጉ የሚመለከተው ግን መጫወቻን እንጂ ከረሜላን አይደለም! ስለዚህ መጫወቻ ቢሆን ኖሮ የሚታገደው ጄሊ ቢን ከረሜላ በመሆኑ ብቻ ከሕፃን ስም ሥር ተቀምጦ ይሸጣል። የማር ከረሜላውን አንሡ፤ ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ ሽባ እስከማድረግ የሚደርስ ቦቱሊዝም የተባለ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ስኳሩንም አንሡ፤ በ2020 የወጣው የአገሪቱ የአመጋገብ መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የተጨመረ ስኳር እንዳይሰጥ ይመክራል። የፕላስቲክ ሣሩንም፣ ሪባኑንም፣ ሴሎፎኑንም አንሡ፤ ይታነቅበታል። እንግዲህ ምን ቀረ? ባዶ ቅርጫትና ፎቶግራፉ።

ባዶው ቅርጫት ግን መልካም መነሻ ነው። እናቶቻችን ስንደዶና አክርማ በወስፌ ሰፍተው የሚሠሩትን ትንሽ ሙዳይ ያገኘ ሰው ከዚያ የተሻለ አይፈልግም። ሽቦ የለበትም፤ ብቻ ወጣ ያለ ስንጥር እንዳይኖረው በጣት ዳስሱት። በፕላስቲክ ሣር ፋንታ ከአሮጌ ጋቢ የተቆረጠ እራፊ አጥፋችሁ አንጥፉበት። (በቀዳም ሹር ካህናቱ የሚያድሉትን ቄጤማ፣ የኖኅን ርግብ እያሰበ በራሱ ላይ ያሰረ ሕዝብ የፕላስቲክ ሣር መግዛቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) በላዩ አንድ የእንጨት ማንኪያ፣ በጥጥ ተጠቅጥቆ ክሩ የጠበቀ፣ ቁልፍም ዐይንም የሌለው የጨርቅ እንቁላል። መጠኑ የሚያጠራጥር ከሆነ በሶፍት ጥቅልል መሐል ባለው ካርቶን ለኩት፤ ከገባ አይሆንም።

እውነተኛ እንቁላልም ይኑረው። ለዶሮ ወጡ ያን ሁሉ ቀይ ሽንኩርት የላጠ ቤት ልጣጩን ለምን ይጥላል? ነጭ እንቁላል ከልጣጩና ከጥቂት ኮምጣጤ ጋር ቀቅሉት፤ የሸክላ የመሰለ መልክ ይዞ ይወጣል። ልጁ በዐይኑ ይይ፣ በእጁ ይዳብስ፤ ከዚያ እናት ልጣ አስኳሉን በጡት ወተት አላልታ ታጉርሰው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ለሆናችሁት ደግሞ ዋናውን አቆይቼላችኋለሁ፤ መጽሐፍ። ዶሮቲ ኩንሃርት በ1940 ያሳተመችው «ፓት ዘ በኒ» ሕፃኑ የጥንቸሏን ለስላሳ ጠጉርና የአባትን ያልተላጨ ጉንጭ በጣቱ የሚዳስስበት ነው። ደራሲዋ ለዚህ ዕድሜ ማንበብ ማለት መንካት መሆኑን አውቃለች። ይህን መጽሐፍ መግዛት ይቻላል፤ እኔ ግን ለእህቴ ልጅ ሌላ ሰፋሁ። ስድስት የጨርቅ ገጽ ነው፦ የአያቱ ነጠላ ጥለት፣ የአባቱ የሥራ ሱሪ፣ እናቱ በእርግዝናዋ የለበሰችው ቀሚስ፣ የጋቢው ጫፍ፣ ያረጀ ፎጣ፤ በመጨረሻው ገጽ በክር የተጠለፈ አንድ «ሀ»። በየትኛው መደርደሪያ ይገኛል ይህ? ልጁ ነጠላውን ሲጎርስ አያቱን በስልክ ብቻ የሚያውቅ ልጅ መሆኑን አስቡት።

«ሁለት ፈረቃ እየሠራሁ መቼ ልስፋ?» የምትል እናት ትኖራለች፤ መብቷ ነው። ከመርፌው አንድ ማንኪያና አንድ እራፊ ይበቃታል። ጊዜ ቆጣቢ ነው ከተባለው ጋር ግን አልስማማም። ፒፕስ የተባለውን የማርሽሜሎው ጫጩት በ1953 በእጅ ለመሥራት 27 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ በማሽን ስድስት ደቂቃ ይበቃዋል። የተረፈው ጊዜ ለፋብሪካው እንጂ ለእናቲቱ አልገባም፤ እሷማ የቅርጫቱን ዋጋ ለማግኘት ተጨማሪ ሰዓት ትሠራለች።

በ2025 ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን ዋሉ፤ በ2024 ግን አምስት ሳምንት ተራርቀው ነበር። እንዲህ ሲራራቁ የእነርሱ በዓል ባለፈ ማግስት ቅርጫቱ በግማሽ ዋጋ ይወርድና የእኛ ሰው ይፈተናል። ግዙ፣ አልከለክልም፤ ርካሽ ነገር እኔም እወዳለሁ። የቸኮሌቷን ጥንቸል ግን ጾሙ ሲፈታ እኛ ትልልቆቹ እንብላት፤ ኀምሳ አምስቱን ቀን የጾምነው እኛ ነን።