አረፋና ድምፅ፦ ደጃችን ላይ ስላለው ሕክምና በአማርኛ ማን ይንገረን?

ዴንቨርና አውሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የአንሹትዝን የሕክምና ግቢ የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ነው። ታክሲ የሚነዳው ወገናችን ሕመምተኛ በሩ ላይ ያወርዳል። የሌሊት ፈረቃ ያለው ወለሉን ሲወለውል ያድራል። ረዳት ነርሷ እህታችን ኮልፋክስ ላይ ከ15 ቁጥር አውቶቡስ ወርዳ እየሮጠች ትገባለች። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚመረመርና ለእኛ ምን እንደሚፈይድ ግን በቋንቋችን የነገረን የለም። አዲስ አበባ ላይ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ እያልን ሌሊቱን እናነጋለን፤ ከቤታችን የ10 ደቂቃ መንገድ ላይ ላለው ነገር ግን እንግዶች ነን። ስለዚህ ዛሬ ከወትሮው ርእሳችን ወጣ ብለን ስለ ሕክምና እንጽፋለን። «ይኼ ምኑ ፖለቲካ ነው?» የሚለን አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

ነገሩ አልትራሳውንድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷ ላይ ቅባት ተቀብቶ የሚታየውን ማለታችን አይደለም፤ ወይም እሱ ብቻ አይደለም። ዘመዱ ግን ያው ነው፤ የትውልድ ቦታውም አንዱ እዚሁ ዴንቨር ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ዳግላስ ሃውሪ የተባለ ሐኪም በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የሰውን ገላ በድምፅ የሚያይ መሣሪያ መሥራት ጀመረ። ከጆሴፍ ሆምስና ከጥቂት መሐንዲሶች ጋር ሆኖ ሲያሻሽለው የተጠቀመበት ዕቃ ያስገርማል። የከብት ማጠጫ ገንዳና ከቢ 29 የጦር አውሮፕላን የተፈታ የመድፍ ማዞሪያ ቀለበት ነበር። ታማሚው ውሃው ውስጥ ይቀመጣል፣ መሣሪያው ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ ምስሉ ይወጣል። ላይፍ የተባለው መጽሔት በ1954 ለዓለም አሳየው። የዛሬው የአንሹትዝ ግቢም ያን ጊዜ ፊትስሲመንስ የተባለ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ልባቸውን ታመው ለሰባት ሳምንታት ያህል የተኙበት። እንግዲህ ጎረቤታችን ተራ ጎረቤት አይደለም።

ከማየት ወደ ማከም የተደረገው እርምጃ እንዲህ ነው። ልጆች ሳለን የአጉሊ መነጽር መስተዋት ፀሐይ ላይ ደግነን ወረቀት እናቃጥል አልነበረም? ፀሐዩ መስተዋቱን ሲያልፍ አያቃጥለውም፤ የተሰበሰበበት ነጥብ ላይ ግን ይፈጃል። ድምፅም እንደዚሁ ነው። ከብዙ አቅጣጫ የተላኩ የድምፅ ሞገዶች አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ቆዳ ሳይቀደድ፣ አጥንት ሳይከፈት ውስጥ ያለውን ሥጋ ያግላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ይህን ዘዴ ለማህፀን እጢ በ2004፣ ለእጅ መንቀጥቀጥ ደግሞ በ2016 ፈቅዷል። ለእጅ መንቀጥቀጡ ከ1,000 በላይ ድምፅ አመንጪዎች ያሉት ቆብ መሰል መሣሪያ ራስ ላይ ይደፋል፤ ታማሚው ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ፣ ሳይደነዝዝ፣ ከሐኪሙ ጋር እየተነጋገረ እጁ ሲረጋጋ ያየዋል። ዛሬ ኮሎራዶን ጨምሮ በብዙ ግዛቶች ይሰጣል። (ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ጠጉር ይላጫል። ጠጉሯን ለሐዘን እንጂ ለሌላ ተላጭታ ለማታውቅ እናታችን ይህን የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋታል።)

አሁን ወደ አረፋው እንምጣ፤ ዋናው ጉዳያችን እሱ ነውና። በ1968 ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ግራሚያክና ሻህ የተባሉ ሐኪሞች ወደ ልብ ፈሳሽ እየወጉ በአልትራሳውንድ ሲመለከቱ፣ ደመና የመሰለ ብሩህ ነገር መታየቱን ዘገቡ። ምክንያቱ ከፈሳሹ ጋር የገባ የጋዝ አረፋ ነበር። አረፋ ድምፅን ከደም እጅግ አጉልቶ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች በስብ ወይም በፕሮቲን ሽፋን የተጠቀለሉ፣ ከቀይ የደም ሕዋስ የማይበልጡ የጋዝ አረፋዎች ሠሩ። ኦፕቲሰን፣ ዴፊኒቲ፣ ሉማሰን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በደም ሥር ይወጋሉ፤ ልብን ወይም ጉበትን አጉልተው ያሳያሉ፤ ጋዙም በደቂቃዎች ውስጥ በሳንባ በኩል በትንፋሽ ይወጣል። ሲቲ ስካን ላይ እንደሚሰጠው አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ለኩላሊት የሚያሰጋ አይደለም።

ብልሃቱ የመጣው እነዚህን የማሳያ አረፋዎች ለማከሚያነት ስናውላቸው ምን ይሆናል ተብሎ ሲጠየቅ ነው። አረፋ የድምፅ ሞገድ ሲመታው ይነፋል፣ ይኮማተራል፣ እንደገና ይነፋል። በሴኮንድ ውስጥ በመቶ ሺዎች ጊዜ። በነጥቡ ላይ ያለ አረፋ ሙቀቱን ያበዛዋል፤ ያለ እሱ ረጅም ሰዓት የሚወስደው ማቃጠል ያጥራል። በቻይና የማህፀን እጢን በዚህ ዘዴ የሚያክሙ ሐኪሞች አረፋውን ለማፋጠኛም፣ እጢው መሞቱን ለማረጋገጫም ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። ደም የማይደርስበት እጢ አረፋም አይደርስበትምና፣ ጠቁሮ ከታየ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው።

ይበልጥ የሚደንቀው ግን የአንጎሉ ነው። አንጎል የራሱ ዘበኛ አለው። የደም ሥሮቹ ግድግዳ ተጣብቆ የተገጠመ ስለሆነ መርዝም ጀርምም አያስገባም፤ ችግሩ መድኃኒትም አያስገባም። በ2001 ኩለርቮ ሃይኒነንና ባልደረቦቹ ጥንቸሎች ላይ አረፋ ወግተው፣ ያለ አረፋ ከሚያስፈልገው እጅግ ባነሰ ጉልበት ድምፅ ሲልኩ፣ ዘበኛው ለጥቂት ሰዓታት ገለል እንደሚልና በሩ ተመልሶ እንደሚዘጋ አሳዩ። በሰው ላይ ቶሮንቶ ውስጥ የሰኒብሩክ ሆስፒታል ሐኪሞች በ2015 የአንጎል ዕጢ ላለበት ታማሚ ሞከሩት። በ2021 ደግሞ የጡት ካንሰራቸው ወደ አንጎል የተዛመተ አራት ሴቶች ላይ መድኃኒቱ በሩ በተከፈተበት ቦታ በብዛት መግባቱን አሳተሙ። እዚሁ ኮሎራዶ የቦልደሩ መሐንዲስ ማርክ ቦርደንና የአውሮራው የሕፃናት ካንሰር ሐኪም አዳም ግሪን፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ልጆችን በአንጎል ግንድ ላይ ይዞ አብዛኞቹን በሁለት ዓመት ውስጥ ለሚገድል ዕጢ ይህንኑ መንገድ አይጦች ላይ ፈትነው በ2023 ውጤቱን አሳተሙ። መድኃኒቱ ከወትሮው በበለጠ ገባ፣ ዕጢውም ተዳከመ። አይጥ ላይ ነው እንጂ ልጅ ላይ አይደለም፤ ይህን ደጋግመን እንላለን።

ለምን ደጋግመን እንደምንል እናስረዳ። በጥር 2024 የዌስት ቨርጂኒያ ሐኪሞች ሦስት የአልዛይመር ታማሚዎችን በመድኃኒትና በአረፋ ታግዞ በሚላክ ድምፅ ለስድስት ወር አክመው፣ ድምፁ በደረሰበት ቦታ የበሽታው ዝቃጭ ካልደረሰበት ተመሳሳይ ቦታ በአማካይ 32 በመቶ የበለጠ መቀነሱን በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ትልቅ ነገር ነው። ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ዝቃጩ ቀነሰ እንጂ የማስታወስ ችሎታቸው ተመለሰ አልተባለም። በዚያው ወር መድኃኒቱን የሚሠራው ኩባንያ ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ይህን ዓይነቱን ዜና አንድ የዩቲዩብ ተናጋሪ «የመርሳት በሽታ መድኃኒት ተገኘ» ብሎ ለመተርጎም አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ወላጆቹን አገር ቤት ትቶ የመጣ ልጅ ደግሞ ያምናል፤ ያለውን ይሸጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ገንዘብ ይሰበሰባል።

አደጋም አለው። ድምፁ ከመጠን ካለፈ አረፋው ይፈነዳና የደም ሥር ይበጣጠሳል፤ አንጎል ውስጥ ደም ይፈስሳል። አረፋው ከነጥቡ በፊት መንገድ ላይ ከተከማቸ ደግሞ ሙቀቱ የማይፈለግበት ቦታ ያርፋል። ለዚህ ነው መሣሪያዎቹ የአረፋውን ጩኸት እያዳመጡ ጉልበታቸውን ከፍ ዝቅ እንዲያደርጉ የሚሠሩት። አረፋው ራሱም ቢሆን ሕመም ያስከተለባቸው ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ በ2007 የመድኃኒት መሥሪያ ቤቱ ከባድ ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል። ከሁሉ በላይ አረፋዎቹ የተፈቀዱት ለማሳያነት ነው፤ ከአነጣጣሪ አልትራሳውንድ ጋር የአንጎልን በር ለመክፈት ሲውሉ ነገሩ ጥናት ነው። ጥናትን እንደ ተፈቀደ ሕክምና ሸጦ በብዙ ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ካለ፣ በእኛ እምነት፣ ከእሱ መሸሽ ነው።

እዚህ ላይ ነው የቋንቋው ነገር የሚመጣው። እኛ ዕድሜያችንን በቃላት የኖርን ሰዎች ነንና የምናውቀው ይህን ነው። ዴንቨር አካባቢ ዘመድ አስከትለን ሐኪም ፊት ተቀምጠን ያየነው አለ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ለአምስት ደቂቃ ይናገራል፤ አሥራ አንድ ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጅ «አያቴ፣ አልትራሳውንድ ያነሱሻል አለ» ብሎ ይጨርሰዋል። አያቲቱ ለእርግዝና የሚሆነው መስሏት ትስቃለች፤ ከዚያ ትፈርማለች። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን ማስተርጎም ሕጉም አይደግፍም። ታዲያ ስንቶቻችን ነን «አማርኛ አስተርጓሚ» ብለን የምንጠይቀው? ይሉኝታ ይዞናል፤ ማስቸገር ይመስለናል። አስተርጓሚው ቢመጣም ቃል የለውም። «ኮንትራስት» የሚለውን አንዱ «ቀለም»፣ ሌላው «መድኃኒት»፣ ሦስተኛው «መርፌ» ይለዋል። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ቀለም ነው የተባለች ሴት አለርጂዋን አትናገርም፤ መድኃኒት ነው የተባለችው ደግሞ ዳነች ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

የማህፀን እጢ ጉዳይ በተለይ ያሳስበናል፤ በዚያ ላይ ዝም ይባላል። በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 50 ዓመት እስኪሞላቸው ከ80 በመቶ በላይ ጥቁር ሴቶች፣ 70 በመቶ የሚጠጉ ነጮችም እጢው እንደሚኖራቸው አሳይቷል። ብዙዎቹ ምንም አያማቸውም። የሚያማቸው ግን ማህፀናቸው እንዲወጣ ሲነገራቸው ሌላ መንገድ መኖሩን ሳይሰሙ የሚፈርሙ እህቶቻችን አሉ። ሁሉም እጢ ለድምፅ አይመችም፤ ኢንሹራንሱም ሁሌ አይከፍልም። ጥያቄው ግን ሊጠየቅ ይገባል። «ለእኔ የሚሆን ሌላ ዘዴ አለ? የተፈቀደ ነው ወይስ ጥናት? አረፋ ትወጉኛላችሁ?»

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ፖለቲካው ይኸውላችሁ። በመንግሥት ጋዜጣ ስንሠራ አዲስ የሕክምና መሣሪያ በመጣ ቁጥር የሪባን መቁረጡን ፎቶግራፍ በፊት ገጽ እናወጣለን። ከስድስት ወር በኋላ መሣሪያው ይሠራ እንደሆነ ሄዶ መጠየቅ ግን «የልማት ጋዜጠኝነት» አይደለም ይባል ነበር። መለስ ዜናዊ በ2012 ብራሰልስ ውስጥ ሲታከሙ አረፉ፤ ሕዝቡ ግን የት እንዳሉ ለሳምንታት አልተነገረውም ነበር። ከሳቸው በፊትም በኋላም ባለሥልጣን ሲታመም መንገዱ ቦሌ ነው። የሚታከምበት ሌላ አገር ያለው ሹም ጥቁር አንበሳ ውስጥ ስለሚቆም ኤምአርአይ ምን አስጨነቀው? ይህን ሕክምና ነገ አገር ቤት እናስገባ የሚሉ ቅን ወገኖች ይኖራሉ፤ እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን አነጣጣሪ አልትራሳውንድ ያለ ኤምአርአይ ወይም ያለ ጥሩ ምስል፣ ያለማቋረጥ በሚገኝ መብራት፣ በጥገና ውልና በሠለጠነ ሰው እንጂ በሪባን አይሠራም። አስቀድሞ የሚላከው ማሽን ሳይሆን የሚሠለጥን ሐኪምና መሐንዲስ ቢሆን ይሻላል እንላለን።

እዚህ ያለነው ደግሞ መጠበቅ የለብንም። አውሮራ ውስጥ አማርኛ በሰፊው ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አብያተ ክርስቲያናትም መስጊዶችም አሉን። በሆስፒታሎቹ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶች፣ የራጅ ባለሙያዎች አሉን። በዚህ ጽሑፍ «አነጣጣሪ አልትራሳውንድ»፣ «የማሳያ አረፋ»፣ «የአንጎል ዘበኛ» ያልነው ከራሳችን አውጥተን ነው። የተሻለ ቃል ያላችሁ፣ በተለይ ሕመምተኛ ፊት ስታስረዱ የምትጠቀሙበትን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ጻፉልን፤ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን። እስከዚያው አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ልጁንም ትምህርት ቤት ላኩት።