የሚጮኽ ፍሬን ዘይት አይጠጣም

 

የዛሬውን ጨዋታ ያመጣው አንድ ደብዳቤ ነው። ላኪው የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሙን ትተን ጭንቀቱን እንስማ። ሳይክሉ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሠፈሩን በጩኸት ታናውጠዋለች። የሠፈር ልጆች “አምቡላንስ መጣ!” እያሉ ይስቁበታል። አንድ ጓደኛው ታዲያ “ቸርኬው ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ጸጥ ይላል” ብሎ መክሮታል። “ላድርገው ወይ?” ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ለምን በለኝ!

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሠፈራችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ ቁልቁለቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የኔም ሳይክል እንደ ያንተው ጯኺ ነበረች። አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጠብቄ፣ አጠገቧ ደርሼ ዘና ብዬ ፍሬን ስይዝ… ሲጢጢጢ! ልጅቷ ጆሮዋን ያዘች፤ ጓደኞቿ በሳቅ ፈረሱ። ያን ዕለት ማታ እናቴ የስፌት መኪናዋን የምታጠጣበትን ዘይት አንስቼ ላስቲኩንም ቸርኬውንም ቀባሁት። እውነትም ጸጥ አለ። ራሴን እንደ መካኒክ ቆጥሬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጧት ታናሽ ወንድሜ ሳይክሏን ይዞ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። አልሰማሁም፤ ተኝቻለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ጨመቀው። ደግሞ ጨመቀው። ምንም የለም! ከአንድ ግቢ የቆርቆሮ አጥር ጋር ተላተመ። ክንዱ ተሰብሮ ጀሶ ታሰረለት። እናቴ አልተቆጣችኝም። የዘይቱን ጠርሙስ ብቻ አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እናላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ፍሬን የማያውቅ እንዳይመክረኝ ብዬ ከሳይክል ሠሪ ሱቅ ደጃፍ ያልጠፋሁት። የተማርኩት ይኸውላችሁ። የፍሬን ሥራው መፋተግ ነው። ላስቲኩ ቸርኬውን ግራና ቀኝ ቆንጥጦ ይይዝና ፍጥነቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዘይት ደግሞ ፍትጊያን የሚያጠፋ ነገር ነው። ዘይት ስትቀባው ጩኸቱን ብቻ ሳይሆን ፍሬኑንም ነው የምትገድለው። ጩኸቱ “ቆሽሻለሁ፣ አለዚያም ጠምሜአለሁ” ማለቱ ነው። መፍትሔውም ማጽዳት እንጂ አፉን መዝጋት አይደለም።

አንደኛ፣ ቸርኬውን እጠበው። በላዩ ላይ የምታየው ጥቁር ጭቃ የላስቲክ፣ የአልሙኒየምና የመንገድ አቧራ ድብልቅ ነው። በውኃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው። ሲደርቅ ንጹሕ ጨርቅ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ነክረህ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጥረገው። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ግን አታስጠጋ፤ ቅባት ትተው ይሄዳሉ። ካቴና የጠረግህበትንም ጨርቅ ከቸርኬ አርቅ።

ሁለተኛ፣ ላስቲኩን አውጥተህ እየው። ፊቱ እንደ ተወለወለ ጫማ ካብለጨለጨ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለህ ፈግፍገው፤ ድብዝዝ ሲል በቃው። ውስጡ የተሰነቀሩ ጠጠሮችና የሚያብረቀርቁ የብረት ፍርፋሪዎች ካሉ በመርፌ አንድ በአንድ ልቀማቸው። እነሱ ናቸው ቸርኬህን እንደ ሞረድ የሚበሉት። የላስቲኩ ቦዮች ጠፍተው ልሙጥ ከሆነ፣ ወይም ዘይት ጠጥቶ ከሆነ፣ አትሟገት። ግራና ቀኙን አብረህ ቀይር።

ሦስተኛ፣ አቀማመጡ። ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ማረፍ አለበት። ከፍ ካለ ጎማህን ይቀድልሃል፤ ዝቅ ካለ ወደ ራጂዎቹ ይንሸራተታል። ለጩኸቱ ደግሞ ምስጢሩ ይኸ ነው፦ የላስቲኩ የፊተኛ ጫፍ ከኋለኛው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን ይንካ። ከኋለኛው ጫፍ ሥር የታጠፈ ወረቀት አስገባ፣ ፍሬኑን ጨምቀህ ያዝ፣ ቡሎኑን አጥብቅ፣ ከዚያ ወረቀቱን አውጣው። ብዙውን ጊዜ አምቡላንሱ እዚያው ጸጥ ይላል።

አራተኛ፣ ቸርኬም ያልቃል! ብዙ ሰው ይኸን አያውቅም። አንዳንዱ ቸርኬ ጎኑ ላይ የተቦረቦረ መስመር ወይም ነጥብ አለው፤ እሱ ከጠፋ ዕድሜው አልቋል ማለት ነው። ምልክት ከሌለው ማስመሪያ ጎኑ ላይ አቁምበት። ማኸሉ ሰርጎድ ብሎ ብርሃን ካሳለፈ ሳስቷል። የሳሳ ቸርኬ የጎማው አየር ገፍቶ ሊያፈነዳው ይችላል።

በክረምት ደግሞ ተጠንቀቅ። ቸርኬው ሲርስ ላስቲኩ መጀመሪያ ውኃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቀደም ብለህ፣ ለስለስ አድርገህ ያዝ። ኒኬል የተቀባ የብረት ቸርኬ ከሆነማ በዝናብ ጨርሶ አትመነው። ዲስክ ፍሬን ያላችሁም አትሳቁ፤ ዲስኩን ዘይት ቀርቶ በጣታችሁም አትንኩት።

ከመውጣትህ በፊት ሳይክሏን እየገፋህ የፊቱን ፍሬን ጨምቅ፤ የኋላ እግሯ ብድግ ማለት አለበት። የፍሬኑ እጀታ ከመሪው ጋር ከተነካካም ገመዱን አስጠብቅ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወንድሜ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ክንዱም ድኗል። አሁንም አልፎ አልፎ ሳይክሌን ይዋሰኛል። ከመውጣቱ በፊት ግን ቸርኬውን በጣቱ ዳሰስ ያደርግና ጣቱን ያሸታል። ምንም አይለኝም። እኔም ምንም አልለውም።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!