ኩልመስክ ላይ ያደረው ካሜራ

የባለቤቴ ወንድም ሚኒባስ ይነዳል። ከላሊበላ ወልድያ፣ ከወልድያ ላሊበላ፤ ቱሪስት ሲገኝ ቱሪስት፣ ሲጠፋ መንገደኛ ይጭናል። ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን መሸበትና ኩልመስክ አደረ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ መኪናዬን ገጭተውብኝ ሄዱ!»

የቀኝ ስፖኪዮው ተንጠልጥሏል፣ ፓራፋንጎው ገብቷል። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «እንዴት አደርክ» እንኳ ሳልለው «ሞተር አስነስተሃል?» አልኩት። አላስነሳም። «እንዳታስነሳ። መጀመሪያ ካሜራውን አጥፋ፤ ከዚያ ሚሞሪውን አውጥተህ ኪስህ ክተት» አልኩት።

የመኪና ካሜራ፣ ዳሽ ካም የምንለው፣ ሚሞሪው ሲሞላ መቅዳቱን አያቆምም። ከቆየው ቪዲዮ ጀምሮ እያጠፋ በቦታው አዲሱን ይቀዳል። ልጁ ሞተሩን አስነስቶ ላሊበላ ድረስ ቢነዳ ካሜራው መንገዱን ሲቀዳ የሌሊቱን ሁሉ ሊያጠፋው ይችላል። ብዙ ሰው ማስረጃውን የሚያጣው ራሱ እየነዳ ነው። «ቤቴ ስደርስ አያለሁ» ይላል፤ ቤቱ ሲደርስ የሚያየው የመጣበትን መንገድ ነው።

ሚሞሪውን አወጣ። ያደረበት ቤት ኮምፒውተር ላይ ከተው ፋይሎቹን በቀን ቅደም ተከተል ደረደሯቸው። ከላይ የመጣው የመጨረሻ ፋይል ሁለት ሳምንት ያለፈው ነበር። «ጋሼ፣ ካሜራው ከሞተ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ምንም አልቀዳም» አለኝ። አመንኩት።

ያ በመሆኑ ዕዳው የዞረው በጥበቃው ላይ ነው። ጥበቃ ስል ዕድሜው 18 ቢሞላ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ጋቢውን ተከናንቦ መኪና የሚጠብቅ ልጅ ነው። «አንድ የጭነት አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመለስ ገጨው፤ ጮኬ ነበር፣ አልቆመልኝም» አለ። ማን ይመነው? «ተኝተህ ነበር» ተባለ። የቤቱ ባለቤት የወር ደመወዙን ያዙና ለማሠሪያ ብለው ለሾፌሩ ሰጡት። የኛ ሰው ተቀበለ። ስፖኪዮ በአሁኑ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ብዙም አይፈርድበትም፤ እኔም ያን ቀን አልፈረድኩበትም።

ሚሞሪው እኔ እጅ የገባው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ባልንጀራው በኩል ነው። እንደ እነርሱ ከላይ ሳይሆን ከታች ጀምሬ አየሁት። ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ማንም ያልወረደበት ቦታ ላይ፣ 2018 የሚል ዓመት የያዙ ፋይሎች ተከማችተዋል። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ይህ ማለት የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። ሚኒባሱ ደግሞ ያኔ ካሜራ አልነበረውም።

ደውዬ ጠየቅሁት። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እንግዶቹን ላሊበላ አድርሶ መኪናው ሦስት ቀን ሳይነሳ ቆሞ ነበር። ባትሪው ሞተ። ኤሌትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ባትሪው ተፈታ፣ ተሞላ፣ ተመለሰ። የካሜራው ሰዓት ያኔ ወደ ፋብሪካው ቀን፣ ወደ 2018 ጃንዋሪ 1 ተመልሷል። «ስክሪኑ ላይ አላየኸውም?» አልኩት። «አይቻለሁ፤ 2018 ይላል። ልክ ነው፣ በኛ 2018 አይደለም እንዴ? ሠራተኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላልኝ መስሎኝ ነው» አለኝ። ምን ልበለው?

የሌሊቱ ቪዲዮ እዚያ ነበር። ካሜራው ፊት ለፊት ነው የሚያየው፤ የአንድ አይሱዙ የኋላ መብራት ቀስ እያለ ወደ መስታወቱ ይቀርባል፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከግራ በኩል ጋቢውን የጣለ ልጅ ባትሪ እያበራ ይሮጣል፣ የአይሱዙውን ጎን በእጁ ይደበድባል። አይሱዙው ለአፍታ ቆም ይላል። ከዚያ ይሄዳል። ልጁ ትንሽ ይከተለውና መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል። ታርጋውን ለማንበብ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ በጨለማ መብራቱ ስለሚያንጸባርቅበት ነጭ ሰሌዳ ብቻ ነው የሚታየው። ውድ ካሜራም ቢሆን ሌሊት ታርጋ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም።

ሰዓቱ የተሳሳተ ካሜራ እንዴት ማስረጃ ይሆናል ትሉ ይሆናል። የመጨረሻው ፋይል የሚያልቀው እርሱ ጠዋት ካሜራውን ባጠፋበት ደቂቃ ነው፤ 12:35 ነበር። በካሜራው ሰዓት 13:35 ይላል። ግጭቱ በካሜራው 9:20 ላይ ነው። ልዩነቱ 4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ከ12:35 ወደ ኋላ ስንቆጥር ከሌሊቱ 8:20 ላይ ያደርሰናል። ልጁም «ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር» ብሎ ነበር።

እንግዲህ ቪዲዮው የተረፈው በዕድል ነው። ካሜራው ውስጥ ንቅናቄ የሚለካ ጂ ሴንሰር አለ፤ መኪናው ሲመታ ያንን ቪዲዮ እንዳይጠፋ ይቆልፈዋል። የኛ ሰው ሴንሰሩን «ከፍተኛ» ላይ አድርጎት ነበር። አስፋልት ላይ ይህ ላያስቸግር ይችላል። በላስታ ጠጠር መንገድ ላይ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ግጭት ነው! ከ32 ጊጋው 27ቱን የያዙት የተቆለፉ የጉድጓድ ቪዲዮዎች ነበሩ። የተቆለፈ ማህደሩ ከሞላ ቆይቷል፤ እውነተኛው ግጭት ሲመጣ የሚቆለፍበት ቦታ አላገኘም፤ ከተራዎቹ ጋር ተቀመጠ። የተረፈው 5 ጊጋ ነው። በተለመደው ጥራት አንድ ካሜራ በሰዓት 7 ጊጋ ገደማ ስለሚበላ፣ ጠዋት ቢነዳ ኖሮ ሦስት ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ የገጠር መንገድ የምትሄዱ ሴንሰሩን ለጉዞ «ዝቅተኛ» ላይ አድርጉት። ብዙ ካሜራዎች ለጉዞና ለማቆሚያ ለየብቻ ማስተካከያ አላቸው፤ ለማቆሚያው «መካከለኛ» ይበቃል።

መኪናው ቆሞ ሳለ የሚቀዳበት ፓርኪንግ ሞድ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሲመታ ብቻ ይነቃል፤ አንዱ ከፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ይቀዳል፤ ሌላው በሰከንድ አንድ ሁለት ምስል እያነሳ ሌሊቱን ሙሉ ያጠራቅማል። ሚኒባሱ የተቀመጠው በንቅናቄ ላይ ነበር። ቪዲዮዎቹን ሳይ አብዛኞቹ የባህር ዛፍ ጥላ ናቸው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ካሜራው ይነቃል። ውሻ ያልፋል፣ ይነቃል። ከስምንት ሰዓት በኋላ ነፋሱ ጋብ ባይል ኖሮ የልጁን ሩጫ የዛፍ ጥላ ያጠፋው ነበር። ዛፍ ወይም ሰው የሚበዛበት ቦታ የምታድሩ በሰከንድ አንድ ምስል የሚያነሳውን ብትመርጡ እመክራለሁ፤ ቦታም ይቆጥባል።

ባትሪውን ምን ገደለው? ካሜራ ቆሞ ሲቀዳ 0.3 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በ12 ሰዓት ሌሊት 4 አምፔር ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ደህና ባትሪ ይችለዋል። በሦስት ቀን ግን 21 ያልፋል። ይህ የ45 ባትሪ ግማሽ ሊደርስ ምንም አይቀረው ማለት ነው፤ ላሊበላ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ብርድ ባትሪን ያደክማል። መድኃኒቱ ካሜራውን ከፊውዝ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውና ቮልቴጁ ሲወርድ ራሱ የሚያቋርጠው ገመድ ነው። ማቋረጫውን ብዙዎች 11.8 ላይ ይተዉታል። ያኔ ባትሪው ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም። 12.2 ላይ አድርጉት። ከሁለት ቀን በላይ የማይነሳ መኪና ከሆነ ደግሞ ፓርኪንግ ሞዱን አጥፉት።

ስለ ሚሞሪው ራሱ። ለስልክ የሚሸጠው ተራ ካርድ ቀን ከሌት ለሚጻፍበት ካሜራ አልተሠራም፤ ለካሜራ ተብሎ ብዙ ጊዜ መጻፍን የሚችለው ዓይነት አለ፣ ጥቂት ይወደዳል። 64 ጊጋ ለአንድ ካሜራ የ9 ሰዓት ጉዞ ይይዛል፤ ከኋላም ካሜራ ካለ በግማሽ ያንሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራው እስከ ስንት ጊጋ እንደሚቀበል እዩ። በርካሽ የሚሸጥ «256 ጊጋ» ካገኛችሁ ተጠራጠሩ፤ ውስጡ 16 ሆኖ ላዩ ላይ 256 የተጻፈበት ካርድ ብዙ ነው። ካርዱን በቪዲዮ ሞልታችሁ መጨረሻ ላይ የተቀዳው መከፈቱን እዩ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የምትፈልጉትን ገልብጣችሁ፣ በኮምፒውተር ሳይሆን እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉት። ያን ቀን ሰዓቱንም ተመልከቱ፤ የቆየውን ፋይል በቀን የሚለዩ ካሜራዎች ሰዓታቸው ወደ ኋላ ሲመለስ አዲሱን እንደ አሮጌ ቆጥረው ቀድመው ሊያጠፉት ይችላሉ። ጂፒኤስ ያለው ከሆነ የሰዓት ቀጣናውን 3 ሲደመር ላይ አድርጉ።

ድምፅ መቅጃውን እኔ አጥፍቼዋለሁ። ምክንያቱን ባለቤቴ ታውቃለች፤ ስለ እናቷ ያልኩትን ነገር አንድ ቀን ልጆቹ ከፍተው አሰሟት። የተሳፋሪ ወሬ ደግሞ የተሳፋሪው ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መኖሩን ሳትረሱ የሰው ፊት ያለበትን ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ከመልቀቅ ለፖሊስና ለኢንሹራንስ ስጡ። ኬላ ላይ «አጥፋው» ከተባላችሁም አጥፉ፤ ክርክር የሚያዋጣበት ቦታ አይደለም።

ቪዲዮውን ለኛ ሰው በስልክ ላክሁለት። ብዙ ዝም አለና «ጋሼ፣ ልጁ እኮ ሮጧል» አለኝ። በሚቀጥለው ጉዞው ኩልመስክ ቆሞ ገንዘቡን ይዞ ሄደ። ልጁ አልነበረም፤ ከሥራ ወጥቶ ቤተሰቦቹ ዘንድ ተመልሷል፣ በሩ ላይ ሌላ ጥበቃ ቆሟል። ሠፈሩን ጠያይቆ ገንዘቡን ለእናቱ ሰጠ። እናቱ ቪዲዮውን ማየት ፈለጉ። ሦስት ጊዜ አስደግመው አዩት አለኝ።