የተበላሸው ማሽኑ ነው ወይስ ካርታው?

በአገራችን ኮምፒውተር በድንገት ሲቆም ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባላል። ዲስኩ ፎርማት ይደረጋል፣ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ችግሩ ሲመለስም ማሽኑ «አርጅቷል» ተብሎ መጋዘን ይገባል። ምርመራ ያልቀደመው ፍርድ ለሳይንስ ተማሪ አይገባም ብለን እናምናለን። ለዚህም በሊነክስ ከርነል ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ የሚገኝ አንድ የስሕተት ዓይነት በቂ ማስረጃ ይሆነናል።

ኮምፒውተር ሲበራ በቅድሚያ ሥራ የሚጀምረው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፈርምዌር ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል የትኛው የማኅደረ ትውስታ ክፍል ነፃ፣ የትኛው የተከለለ መሆኑን የሚረዳው ፈርምዌሩ ከሚያስረክበው ዝርዝር ነው። በባዮስ በሚነሡ የተለመዱ የግል ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ዝርዝር «ኢ820» ይባላል። የአርሲ ገበሬ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ዝርዝሩ እንደ መሬት ይዞታ ደብተር ነውና። ፈርምዌሩ «ነፃ ነው» ብሎ ባስረከበው ማሳ ላይ ራሱ ተመልሶ ሲያርስ፣ ከርነሉ የዘራው ሁሉ ይገለበጣል። ተጠቃሚው የሚያየው ግን የቆመ ማሽን ብቻ ነው።

ይህ በምናብ የተፈጠረ አይደለም። አንዳንድ ባዮሶች ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነቃ ወይም የሞኒተር ገመድ ሲሰካ የማኅደረ ትውስታውን የታችኛውን ክፍል ያበላሹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የከርነሉ ባለሙያዎች ይህን ብልሽት በየጊዜው የሚፈትሽ ኮድ ጨመሩ፤ በአንዳንድ ባዮሶች ላይም የመጀመሪያውን 64 ኪሎባይት ከለሉ። በ2010 ክልከላውን ለሁሉም ባዮሶች አደረጉት። በ2021 ደግሞ፣ በከርነል 5.13፣ የመጀመሪያው 1 ሜጋባይት በሙሉ ምንጊዜም እንዲከለል ተወሰነ። ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ ይህ ከ4,096 እጅ አንዱ ነው። የማይታመን ድንበር ላይ ከመከራከር ጥቂት ስንዝር ትቶ ማረስ ይሻላል እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ተማሪ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ዚግለርና ላንፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች የጠፈር ጨረር የኮምፒውተርን ማኅደረ ትውስታ ሊያሳስት እንደሚችል በ«ሳይንስ» መጽሔት አስረድተዋል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ ከበላይዋ ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህም በተመሳሳይ ኬክሮስ ከሚገኝ የባሕር ዳርቻ ይልቅ ብዙ ኒውትሮን ይደርሳታል። ታዲያ ጥፋተኛው ደጋው ይሆን?

መለያው ዘዴ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ የምናውቀው ነው፤ አንዱን ብቻ ለውጦ ሌላውን ባለበት መተው። ጨረር አድራሻ አይመርጥም፤ ዛሬ እዚህ፣ ሌላ ጊዜ እዚያ ይመታል። የተበላሸ ራም በተመሳሳይ ቦታ ደጋግሞ ይሳሳታል፤ ራሙ ሲቀየር ግን ችግሩ አብሮት ይሄዳል። ራሙ ተቀይሮም በዚያው አድራሻ፣ ከዚያው ድርጊት በኋላ የሚመለስ ብልሽት ግን ወደ ፈርምዌሩ ይጠቁማል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ደብተርና ትዕግሥት ነው።

«ፈርምዌሩን ማረም የአምራቹ ድርሻ ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ይሁን እንጂ በእርዳታ የመጣ አሮጌ ማሽን አምራቹ ማደሻ ማውጣት ካቆመለት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ማደሻው ቢገኝ እንኳ ባዮስ በሚታደስበት ደቂቃ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ከናካቴው ላይነሣ ይችላል። በሊነክስ ግን ተጠራጣሪውን አድራሻ «ሜምማፕ» በሚባል የማስነሻ ትእዛዝ ከልሎ መሞከር ይቻላል፤ ግምቱ ስሕተት ከሆነም ትእዛዙን ሰርዞ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። በአንድ መስመር ሊድን የሚችል ማሽን መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ፣ ተማሪዎች ደግሞ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለአምስት ሲሻሙ ማየት የሚያስቆጭ ነው።

ከአሰላ ብዙም በማይርቀው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ተመራማሪ ቅጠል ሲቢጫ ባየ ቁጥር «ዋግ ነው» ብሎ አይደመድምም፤ ቅጠሉን ያያል፣ አፈሩን ይመረምራል፣ ከዚያ ይናገራል። ለኮምፒውተርም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም። በመሆኑም በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ሁለት ነገሮች እንዲጀመሩ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ማሽን ብልሽት ቀኑ፣ የቀደመው ድርጊትና የታየው መልእክት በመዝገብ ይስፈር። ሁለተኛ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ከመጽሐፍ አልፎ ተማሪው የራሱን ማሽን የማስነሻ መልእክቶችና የኢ820 ዝርዝር እንዲያነብ ያድርግ። የከርነሉ ኮድ ለማንም ክፍት ነው። መጋዘን የገባውም ማሽን ገና ጠያቂ አላገኘም።