የቢሮ ፕሪንተር፡ ትኩረት የተነፈገው የመረጃ ደህንነት ክፍተት

በአንድ መሥሪያ ቤት የሚዘጋጁ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሮችና የተገልጋዮች ማስረጃዎች አብዛኞቹ በፕሪንተር በኩል ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሮች በይለፍ ቃልና በጸረ ቫይረስ ሲጠበቁ፣ ፕሪንተሩ በንብረት መዝገብ ላይ ከመስፈር ያለፈ ትኩረት የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ከኔትወርክ ጋር የተገናኘ ፕሪንተር ግን ራሱ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ሶፍትዌር፣ ማኅደረ ትውስታና የኔትወርክ አድራሻ አለው። ኮፒና ስካን ጭምር የሚሠሩ ትላልቅ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ የሰነዶችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ሃርድ ዲስክ አላቸው።

የቅርብ ዓመታት ክስተቶች ሦስት ዓይነት አደጋዎችን ያሳያሉ። የመጀመሪያው ፕሪንተርን ያለጥበቃ ለኢንተርኔት ማጋለጥ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 አንድ ማንነቱን የሰወረ ግለሰብ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ፕሪንተሮች የማስጠንቀቂያ መልእክት እንዲያትሙ ያደረገ ሲሆን፣ ከ150,000 በላይ ማሽኖችን እንደደረሰ ተናግሯል።

ሁለተኛው ፕሪንተሩን ወደ ተቋሙ ኔትወርክ መግቢያ አድርጎ መጠቀም ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ይፋ እንዳደረገው፣ አንድ የመረጃ ጠላፊ ቡድን የቢሮ ፕሪንተርን ጨምሮ በሦስት ዓይነት መሣሪያዎች በኩል ወደ ተቋማት ኔትወርክ ገብቷል። ለጥቃቱ በር የከፈቱት ከፋብሪካ ከመጡ በኋላ ያልተቀየሩ የይለፍ ቃሎችና ያልተጫነ የደህንነት ማሻሻያ ነበሩ።

ሦስተኛው አደጋ ማሽኑ ከአገልግሎት ሲወጣ ይከሰታል። በአሜሪካ አፊኒቲ ሄልዝ ፕላን የተባለው የጤና መድን ተቋም ተከራይቶ የመለሳቸው የኮፒ ማሽኖች ሃርድ ዲስካቸው ሳይጸዳ በመቅረቱ፣ እስከ 344,579 የሚደርሱ ሰዎች የጤና መረጃ ለመጋለጥ በቅቷል። ተቋሙም እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል።

የችግሩ ሥር ከቴክኖሎጂው ይልቅ የኃላፊነት መበታተን ነው። ግዥ ክፍሉ ይገዛዋል፣ ንብረት ክፍሉ ይመዘግበዋል፣ የአይቲ ባለሙያው ሲበላሽ ብቻ ይጠራል፤ ስለ ደህንነቱ የሚጠየቅ ግን አይኖርም። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ አሠራር ሊቀጥል አይገባም። የዜጎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም ተገቢውን ጥበቃ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ በፕሪንተር ውስጥ የሚያልፈው መረጃም ከዚህ ውጭ አይደለም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የፋብሪካውን የይለፍ ቃል መቀየር፣ ሶፍትዌሩን በየጊዜው ማዘመን፣ ፕሪንተሩ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስበት ማድረግና የማያስፈልጉ አገልግሎቶችን መዝጋት ቀዳሚዎቹ እርምጃዎች ናቸው። ምስጢራዊ ሰነዶች ሠራተኛው ማሽኑ አጠገብ ደርሶ የምስጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ብቻ እንዲታተሙ ማድረግ ይገባል። ማሽኑ በጨረታ ከመሸጡ ወይም ለአከራዩ ከመመለሱ በፊትም ሃርድ ዲስኩ መጽዳቱ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለፕሪንተሮቹ ደህንነት ተጠያቂ የሚሆን ባለሙያ ሊመድብ ይገባል።